ቢቱ ያልያዘውን ማን ይያዘው? የቬክተር ትእዛዞች ወደ ኮምፓይለር ሲገቡ

አንድ ፕሮሰሰር አዲስ የቬክተር ትእዛዞች ተጨመሩለት ሲባል፣ ኮምፓይለር ሠሪው እጅ የሚገባው ሰነድ በዜሮና በአንድ የተሞላ ነው። ከሪስክ-ፋይቭ የፕሮሰሰር ቤተሰብ አንዱን እንውሰድ። ሬጂስተር ቪ2ን እና ቪ3ን ደምሮ ውጤቱን ቪ1 ላይ የሚያስቀምጠው ትእዛዝ በ32 ቢት እንዲህ ይጻፋል፦

000000 1 00010 00011 000 00001 1010111

ከቀኝ ወደ ግራ ስናነበው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቢቶች ነገሩ የቬክተር ስሌት መሆኑን ይናገራሉ። አምስቱ ውጤቱ የሚያርፍበትን ቪ1ን ይጠቁማሉ። ሦስቱ ዜሮዎች ሁለቱም ግብአቶች ቬክተሮች፣ ስሌቱም የሙሉ ቁጥር መሆኑን ይገልጻሉ። ከዚያ ቪ3፣ ከዚያ ቪ2 ይከተላሉ። ብቻዋን የቆመችው 1 «ማስክ (የትኞቹ ቁጥሮች ይሰሉ የሚለው መምረጫ) የለም፣ ሁሉንም ደምር» ማለቷ ነው፤ በግራ ጫፍ ያሉት ስድስት ዜሮዎች ደግሞ መደመርን ከመቀነስና ከሌሎቹ ስሌቶች ይለያሉ።

ይህን ሰልፍ በኮምፓይለሩ ሠንጠረዥ ላይ ማስፈር የጽሕፈት ሥራ ይመስላል። ብዙ መሐንዲሶችም እንደዚያ ያዩታል፤ ለጀማሪ እጅ ማፍታቻ የሚሰጥ ሥራ ነው። እኔን ግን ሰልፉ ከሚናገረው ይልቅ የሚደብቀው ያሳስበኛል። የሚደመሩት ቁጥሮች ባለ 8 ቢት ናቸው ወይስ ባለ 64? ስንት ናቸው የሚደመሩት? ሬጂስተሩ ለብቻው ነው ወይስ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቆራኝቶ? 32ቱን ቢቶች ቢያገላብጧቸው መልሱ የለም። የሃርድዌር ነዳፊው ቢት ለመቆጠብ ሲል ከትእዛዙ አውጥቶ ሌላ ቦታ አኑሮታል። የወጣው ነገር ግን አልጠፋም፤ አስታውሶ በሰዓቱ ማቅረብ የኮምፓይለሩ ባክኤንድ ዕዳ ሆኗል። ኤክስ86፣ አርም እና ሪስክ-ፋይቭ ቢት የቆጠቡት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ ለኮምፓይለር የተዉትም ዕዳ እንደዚያው ይለያያል። እነሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ የቬክተር ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ሳይሆን የተሰለፉ ቁጥሮችን የሚያሰላ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1976 ሎስ አላሞስ የገባው ክሬይ-1 እያንዳንዳቸው 64 ቁጥሮች የሚይዙ ስምንት የቬክተር ሬጂስተሮች ነበሩት፤ ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ የመጣው በ1997 በኢንቴል ኤምኤምኤክስ ነው። ባክኤንድ የምንለው ደግሞ የኮምፓይለሩ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ለታለመው ፕሮሰሰር የሚስማማውን ትእዛዝ ይመርጣል፣ ሬጂስተር ይደለድላል፣ በመጨረሻም ወደ ቢት ይለውጣል።

ኤክስ86 ላይ ችግሩ እንደ መሀል ከተማ አሮጌ ግቢ ነው፤ ባዶ መሬት ስለሌለ አዲስ ክፍል የሚሠራው ማንም የማይኖርበትን ክፍል ፈልጎ ነው። ኢንቴል በ2008 ኤቪኤክስን ይፋ ሲያደርግ ቬክስ የተባለ አዲስ ፕሪፊክስ (ከትእዛዙ ፊት የሚቀመጥ ምልክት) አስፈለገው፤ ነጻ የኦፕኮድ (የትእዛዝ መለያ ቢቶች) ቦታ ግን አልቆ ነበር። መፍትሔው ሁለት የቆዩ ትእዛዞችን መውሰድ ሆነ፤ 11000100 እና 11000101 የሚሉትን ባይቶች። እነዚህ በድሮው የሴግመንት ዘመን ከሜሞሪ ላይ አድራሻ የሚጭኑ ትእዛዞች ነበሩ። በ64 ቢት አሠራር ቀድሞውኑ ተሰርዘዋል፤ በ32 ቢት ግን አሁንም በሕይወት አሉ። ታዲያ ፕሮሰሰሩ በምን ይለያቸው? የድሮዎቹ ትእዛዞች ሜሞሪን እንጂ ሬጂስተርን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ተከታዩ ባይት በ11 ከጀመረ ሕገ ወጥ ነበሩ። ኢንቴል በዚህች ቀዳዳ ገባ። የቬክስ ሁለተኛ ባይት በ32 ቢት አሠራር ሁልጊዜ በ11 እንዲጀምር፣ የሬጂስተር ቁጥሮቹ ተገልብጠው እንዲጻፉ ወሰነ።

ውጤቱን በአንድ ትእዛዝ እንየው። ሬጂስተር 1ን እና 2ን ደምሮ 0 ላይ የሚያሳርፈው ባለ 256 ቢት የተንሳፋፊ ነጥብ መደመር አራት ባይት ነው፦ 11000101፣ 11110100፣ 01011000፣ 11000010። ሁለተኛው ባይት ውስጥ ከመጀመሪያዋ 1 ቀጥለው ያሉት አራት ቢቶች 1110 ናቸው። ይህ 14 አይደለም፤ የተገለበጠ 1 ነው። በአራተኛው ባይት መጨረሻ ያሉት 010 ግን ሳይገለበጡ 2 ናቸው። በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አንዱ ሬጂስተር ተገልብጦ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይጻፋል ማለት ነው። መገልበጡን የረሳ ሰው ያወጣው ኮድ ሬጂስተር 1ን ሳይሆን 14ን ያነባል። ፕሮሰሰሩ አይቃወምም፤ በ64 ቢት አሠራር 14 ትክክለኛ ሬጂስተር ነው። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ የተሳሳተ መልስ ብቻ ይሰጣል።

ኢንቴል በ2013 ላስተዋወቀው ኤቪኤክስ-512 ያው ዘዴ ተደገመ፤ ኢቬክስ የተባለው አራት ባይት ያለው ፕሪፊክስ 01100010ን ወሰደ፤ ይህም በ64 ቢት የተሻረ ሌላ ትእዛዝ ነበር። ኢቬክስ ይዞት የመጣው ቁጠባ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ከአድራሻ ጋር የሚደመረው የአንድ ባይት ርቀት እንደ ተጻፈ አይነበብም፤ በሌላ ቁጥር ይባዛል። ትእዛዙ ሙሉ 64 ባይት ከሜሞሪ የሚያነብ ከሆነ 1 ተብሎ የተጻፈው 64 ባይት ማለት ነው። ያው ትእዛዝ አንዲት ባለ አራት ባይት ቁጥር አንብቦ ለሁሉም የሚያዳርስ ከሆነ ግን 1 ማለት 4 ነው። አባዢው በትእዛዙ ውስጥ እንደ ቁጥር አልተጻፈም፤ ከትእዛዙ ዓይነት ይሰላል። ስለዚህ ባክኤንዱ ለእያንዳንዱ የኢቬክስ ትእዛዝ የኦፕኮዱን ያህል በጥንቃቄ አባዢውንም መዝግቦ መያዝ አለበት።

በዚህ ላይ ኢቬክስ ከቬክስ ረዥም ነው። ኤልኤልቪኤም የተባለው ኮምፓይለር ይህን የሚያካክሰው መጨረሻ አካባቢ በሚሠራ አንድ ደረጃ ነው፤ የኢቬክስ ልዩ ችሎታ ያላስፈለጋቸውን ትእዛዞች ፈልጎ ወደ አጭሩ የቬክስ መልክ ይመልሳቸዋል። ለአንድ መደመር ሁለትና ሦስት መልክ፣ በመልኮቹ መካከልም የማዛመጃ ሠንጠረዥ። ኤክስ86 ባክኤንድን የነካ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው።

የኤክስ86 ታሪክ አንድ የፖለቲካ ምዕራፍም አለው። ኤኤምዲ በነሐሴ 2007 ኤስኤስኢ5 የሚባል የራሱን የቬክተር ትእዛዞች አስተዋወቀ። ኢንቴል በማግሥቱ ዓመት ኤቪኤክስን ይዞ ሲመጣ ኤኤምዲ በ2009 ዕቅዱን ከልሶ ኤቪኤክስን ተቀበለ፤ የተረፈውን በራሱ ፕሪፊክስ ኤክስኦፒ ብሎ አስቀረው። ማባዛትና መደመርን አንድ ላይ የሚሠራው ትእዛዝ ላይ የሆነው ደግሞ ያስቃል። የኢንቴል የመጀመሪያ ረቂቅ አራት ኦፐራንድ (የግብአትና የውጤት ቦታ) ነበረው፤ በኋላ ወደ ሦስት ለወጠው። ኤኤምዲ ግን በ2011 ቡልዶዘር የተባለውን ፕሮሰሰር ያወጣው በአራቱ ነው። ከዚያም በ2012 ሦስቱንም ጨመረ፤ በ2017 ዜን የተባለው ፕሮሰሰር ሲመጣ ኤክስኦፒን ጣለው። ለኮምፓይለሩ የቀረለት? የሁሉም ሠንጠረዥ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ የወጣ ኢንኮዲንግ ከኮምፓይለር በቀላሉ አይወጣም፤ አሮጌው ማሽን እስካለ ድረስ ሠንጠረዡም ይኖራል። ባለ ሦስቱ ኦፐራንድ መልክ ራሱ ሌላ ዕዳ አለው፦ ውጤቱ ከግብአቶቹ በአንዱ ላይ ስለሚጻፍ የትኛው ግብአት ይጥፋ የሚለውን የሚመልሱ ሦስት ተለዋጭ ትእዛዞች አሉ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ሬጂስተር ሲደለደል ነው። ቢት የቆጠበው ንድፍ ምርጫውን ወደ ድልድሉ ገፋው ማለት ነው።

አርም የገጠመው ችግር ሌላ ነው። በ64 ቢት አሠራሩ ትእዛዞቹ ሁሉ 32 ቢት ናቸው፤ ማርዘም አይቻልም። በ2016 የተዋወቀው ኤስቪኢ የቬክተር ስፋት በትእዛዙ አይጻፍም፤ ሃርድዌር ሠሪው ከ128 እስከ 2048 ቢት ይመርጣል። የጃፓኑ ፉጋኩ ሱፐር ኮምፒውተር በሰኔ 2020 የዓለም አንደኛ ሲሆን ይዞት የነበረው ኤ64ኤፍኤክስ ባለ 512 ቢት ነበር። ሦስት ሬጂስተር በአምስት በአምስት ቢት አሥራ አምስት ይወስዳል፤ የቁጥሮቹ መጠን ሁለት፤ ማስኩ ቢያንስ ሦስት። ይህ ሁሉ ገብቶ ለኦፕኮዱ የሚተርፈው ለብዙ መቶ ትእዛዞች አይበቃም። ስለዚህ ማስክ ያለበት መደመር ውጤቱን በአንደኛው ግብአት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ግብአቱ እንዳይጠፋ የፈለገ ኮምፓይለር ከፊቱ አንድ የመቅጃ ትእዛዝ ያስቀምጣል፤ ሃርድዌሩም ሁለቱን እንደ አንድ ማየት ይችላል። ሁለቱ የግድ ተከታትለው መምጣት አለባቸው፤ ሌላ ትእዛዝ በመካከላቸው ከገባ ውጤቱ ዋስትና የለውም። ኮምፓይለር ደግሞ ትእዛዞችን ማሰበጣጠር የዕለት ሥራው ነው። ኤልኤልቪኤም ጥንዱን እስከ መጨረሻ ድረስ እንደ አንድ ሱዶ ትእዛዝ (በኮምፓይለሩ ውስጥ ብቻ ያለ ጊዜያዊ ትእዛዝ) ይዞ፣ ማንም ሊለያቸው የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ይተረትረዋል። ማስክ የሚሆኑት ሬጂስተሮች አሥራ ስድስት ቢሆኑም አብዛኛዎቹ ስሌቶች በሦስት ቢት የመጀመሪያዎቹን ስምንት ብቻ ነው የሚደርሱባቸው፤ ድልድሉ ይህንንም ማወቅ አለበት።

ሪስክ-ፋይቭ ከሁሉም በላይ ቆጣቢ ነው፤ ዕዳውም ከሁሉም የከበደ ነው። በ2010 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ክሪስቴ አሳኖቪች የዶክትሬት ሥራውን የሠራው በቬክተር ፕሮሰሰሮች ላይ ነው፤ ስለዚህ የክሬይ መንፈስ በንድፉ ውስጥ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። የቬክተር ክፍሉ በ2021 መጨረሻ ሲጸድቅ፣ ስሌቶቹ በሙሉ ቀደም ብለን ባየነው በአንድ ኦፕኮድ 1010111 ሥር ተጠቃለሉ። መጫንና ማስቀመጥ የራሳቸው ኦፕኮድ እንኳ አላገኙም፤ ከተንሳፋፊ ነጥብ መጫኛና ማስቀመጫ ጋር ተደባልቀው በሦስት የመጠን ቢቶች ይለያሉ። ማስክ አንዲት ቢት ብቻ ተሰጠው፤ ኢንቴልም አርምም ሦስት ይሰጣሉ። በአንዲት ቢት የትኛው ሬጂስተር ማስክ እንደሆነ መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቪ0 ነው።

የቁጥሮቹ መጠን፣ ብዛታቸውና የሬጂስተሮቹ ቁርኝት ደግሞ ጨርሶ ከትእዛዙ ወጡ። እነዚህን የሚወስን ሌላ ትእዛዝ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ያንን ሁኔታ ይከተላል። ሬጂስተሮች በሁለት፣ በአራት ወይም በስምንት ሊቆራኙ ይችላሉ፤ ወደ ታችም እስከ ስምንተኛ ክፍልፋይ ይወርዳል። በስምንት ከተቆራኙ 32ቱ ሬጂስተሮች አራት ብቻ ይሆናሉ፦ ቪ0፣ ቪ8፣ ቪ16 እና ቪ24። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ቪ1 በዚያ ሁኔታ ሕገ ወጥ ነው፤ ትእዛዙን በማየት ብቻ ግን አይታወቅም።

ኤልኤልቪኤም ይህን የተሸከመበት መንገድ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል። ሥራውን በሁለት ፎቅ ከፈለው። በታችኛው ፎቅ ትእዛዙ እንደ ሰነዱ ነው፤ አንድ መደመር፣ አንድ ሰልፍ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት። ጽሑፉን ወደ ቢት የሚለውጠው አሴምብለርና ቢቱን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው ዲስአሴምብለር የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። በላይኛው ፎቅ ያው መደመር ወደ ብዙ ሱዶ ትእዛዞች ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ የቁርኝት መጠን አንድ፣ ማስክ ያለውና የሌለው ለየብቻ። ቁርኝቱ ሰባት ዓይነት ስለሆነ ሁለት ቬክተሮችን የሚደምረው ትእዛዝ ብቻውን አሥራ አራት ይሆናል። አሥራ አራቱም መጨረሻ ላይ ወደዚያው ሰልፍ ነው የሚፈሱት። ብክነት ይመስላል፤ ግን አማራጩን አስቡት። የሬጂስተር ድልድል የሚሠራው በዓይነት ነው፤ ነጠላ ሬጂስተር የሚፈልግ ትእዛዝና ጥንድ የሚፈልግ ትእዛዝ በስም ካልተለዩ ድልድሉ ሁለቱን አያውቃቸውም። ሰነዱ በአንድ ስም የጠራውን ኮምፓይለሩ አሥራ አራት ስም ሊያወጣለት የተገደደው ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሱዶ ትእዛዝ የቁጥሮቹን መጠንና ብዛት እንደ ተራ ኦፐራንድ ይይዛል፤ ከቢቱ የወጣው መረጃ እዚህ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ደረጃ ኮዱን ከላይ እስከ ታች እየተከተለ «አሁን ማሽኑ ላይ ያለው ሁኔታ ምንድን ነው? ይህ ትእዛዝ የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ እየጠየቀ፣ ልዩነት ባገኘበት ቦታ ብቻ የሁኔታ መቀየሪያውን ትእዛዝ ይጨምራል። መንገድ የሚከፈልበትና ተመልሶ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ በአንዱ መንገድ 32 ቢት፣ በሌላው 16 ቢት ሆኖ ከመጣ መገናኛው ላይ ምን አለ? ይህ ደረጃ መጀመሪያ የሚሠራው ከሬጂስተር ድልድል በፊት ነበር፤ በኋላ የቬክተር ሬጂስተሮች ከተደለደሉ በኋላ፣ ተራዎቹ ሬጂስተሮች ከመደልደላቸው በፊት እንዲሠራ ተዛወረ። ለአንድ የቢት ቁጠባ ሲባል ድልድሉ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ሌላው ኮምፓይለር ጂሲሲም ከዚሁ ችግር አላመለጠም፤ መቀየሪያዎቹን የሚያስቀምጥ የራሱ ደረጃ አለው።

የማስኩ አንዲት ቢትም የራሷን ጣጣ አምጥታለች። ማስክ ሁልጊዜ ቪ0 ከሆነ፣ ማስክ ያለበት ተራ ስሌት ውጤቱን ቪ0 ላይ መጻፍ የለበትም። ስለዚህ ኤልኤልቪኤም ውስጥ ቪ0ን የማያካትት የተለየ የሬጂስተር ቡድን ተፈጠረ። ሁለት የተለያዩ ማስኮች ተራ በተራ የሚያስፈልጉት ኮድ ደግሞ ወደ ቪ0 ማመላለስ አለበት። ሦስት ቢት የሚሰጡት ቤተሰቦች ይህን ጣጣ አያውቁትም።

ሁኔታን ከትእዛዝ ማውጣት ምን አደጋ እንዳለው በተግባር የታየው በሪስክ-ፋይቭ የቬክተር ክፍል ረቂቅ 0.7.1 ነው። ደረጃው ከመጽደቁ በፊት የአሊባባው ቲ-ሄድ በዚህ ረቂቅ መሠረት ሲ906 እና ሲ910 የተባሉ ፕሮሰሰሮችን ሠራ፤ ሲ906 በኦልዊነር ዲ1 ቺፕ ውስጥ ሆኖ ርካሽ ቦርዶች ላይ ገበያ ወጣ። ከዚያ የጸደቀው 1.0 የሁኔታውን ቢቶች አቀማመጥ ለወጠ። በ0.7.1 የቁርኝቱ መጠን ሁለት ቢት ነበር፤ በ1.0 ክፍልፋዮች ስለተጨመሩ ሦስት ሆነ፣ የቁጥሮቹ መጠን የሚጻፍበት ቦታም አንድ ቢት ወደ ግራ ተገፋ።

አንድ ቢት ምን ያደርጋል? ለ0.7.1 የተጠናቀረ ፕሮግራም «ባለ 32 ቢት ቁጥሮች፣ ነጠላ ሬጂስተር» ለማለት 01000 ይጽፋል። የመቀየሪያው ትእዛዝ ኦፕኮድ አልተለወጠም፤ ስለዚህ የ1.0 ማሽን ሳያቅማማ ይቀበለዋል። ሲያነበው ግን የታችኞቹ ሦስት ቢቶች ዜሮ ናቸው፣ ነጠላ ሬጂስተር፤ የቀሩት 01 ናቸው፣ ባለ 16 ቢት። ቀጥሎ የሚመጣው የመደመር ሰልፍ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ማሽኑ 32 ቢት ሆነው መደመር የነበረባቸውን ቁጥሮች በ16 በ16 ይደምራቸዋል፤ ከታችኛው ግማሽ ወደ ላይኛው የሚሻገረው ትርፍ በመንገድ ይቀራል። ትንንሽ ቁጥሮች ላይ መልሱ ትክክል ሊመጣ ይችላል። ይህ ነው የሚያስፈራው። በተግባር ሜሞሪ የሚያነበው ትእዛዝ ሳያጋልጠው አይቀርም፤ በ0.7.1 «በተወሰነው መጠን ጫን» የነበረው የቢት ቅንብር በ1.0 «በ64 ቢት ጫን» ሆኗልና ሬጂስተሩ በአራት ካልተከፈለ ሕገ ወጥ ይሆናል። ከተከፈለ ግን እሱም ያልፋል።

ጂሲሲ በ2024 በወጣው 14ኛው እትሙ ይህን ረቂቅ የቲ-ሄድ የራሱ ተጨማሪ ክፍል አድርጎ፣ በተለየ ቅድመ-ስም ተቀብሎታል። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ቺፖቹ በሰው እጅ አሉ፤ የሉም ብሎ መካድ አይቻልም፤ ከ1.0 ጋር በአንድ ስም መጥራት ደግሞ አደጋ ነበር። ኤልኤልቪኤም በበኩሉ ረቂቁ ሲለዋወጥ ትእዛዞቹን «ሙከራ ላይ ያለ» ብሎ ልዩ ፈቃድ በሚጠይቅ ማብሪያ ሥር አቆይቶ፣ ከጸደቀ በኋላ በመጋቢት 2022 በወጣው 14ኛ እትሙ ነጻ አወጣቸው። ይህ ልማድ ለተጠቃሚው ያበሳጫል፤ ያልጸደቀ ኢንኮዲንግን በስህተት ቋሚ ከማድረግ ግን ያድናል። የጸደቀውን 1.0 የሚያስኬዱ ርካሽ ቺፖች ገበያ ላይ መታየት የጀመሩት በ2023 ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ድጋፍም በዚያው ዓመት በ6.5 ገባ።

ሰልፎቹ የት ይጻፉ የሚለው ሌላው ክርክር ነው። ጂሲሲ የሚያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ቢቱን የሚያውቀው ለብቻው የሚኖረው የቢንዩቲልስ አሴምብለር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ በሁለት ቁጥር ይገለጻል፤ አንዱ የትኞቹ ቢቶች እንደሚታዩ፣ ሌላው የታዩት ምን መሆን እንዳለባቸው። ለመደመሩ የሚታዩት የግራ ጫፍ ስድስት፣ የመካከሉ ሦስትና የቀኝ ጫፍ ሰባት ቢቶች ናቸው፤ የቀሩት ለሬጂስተሮችና ለማስክ የተተዉ ናቸው። ኤልኤልቪኤም ግን አሴምብለሩን በውስጡ ይዟል፤ ቴብልጄን በሚባል የገለጻ ቋንቋ አንድ ጊዜ የተጻፈው ለአሴምብለሩም፣ ለዲስአሴምብለሩም፣ ለትእዛዝ መራጩም ኮድ ያመነጫል። እውነት በአንድ ቦታ ይኑር የሚለው መርህ ደጋፊ ብዙ ነው፤ እኔም ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። ነገር ግን የአንድ ምንጭ ስህተትም አንድ ነው። ቴብልጄን ላይ ሁለት የሬጂስተር ቦታዎች ቢለዋወጡ አሴምብለሩ በስህተት ይጽፋል፣ ዲስአሴምብለሩም በዚያው ስህተት ያነባል፣ ደርሶ መልስ የሚደረገው ፍተሻም በደስታ ያልፋል። ሁለት ሰዎች ተለያይተው ከአንድ ሰነድ የጻፏቸው ሠንጠረዦች ሲነጻጸሩ የሚገኘውን ስህተት አንድ ሠንጠረዥ ከራሱ ጋር ተነጻጽሮ አያገኘውም። የጂሲሲና የቢንዩቲልስ መለያየት ለሠራተኛው ድካም ቢሆንም ለኤልኤልቪኤም ሳይቀር መመዘኛ ሆኖ ያገለግላል።

የሪስክ-ፋይቭ የኦፐራንድ ቅደም ተከተል ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። በመቀነስ ላይ ከውጤቱ ቀጥሎ በጽሑፍ የሚቀድመው በቢቱ በግራ በኩል የሚቀመጠው ግብአት ነው፤ ማባዛትና መደመርን በሚያጣምረው ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከመቀነስ ገልብጦ የጻፈ ሰው ሁለቱን ተባዢዎች ያለዋውጣል። ተባዢዎቹ ቢለዋወጡ ደግሞ ብዜቱ ያው ነው። ፕሮግራሙን ቺፕ ላይ ወይም ስፓይክ በሚባለው ማስመሰያ ላይ ቢያስኬዱት ሺህ ጊዜ ትክክል ይመጣል፤ ስህተቱ የሚታየው ባይቶቹ ከሌላ አሴምብለር ባይቶች ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው። በመቀነስ ላይ ያው ስህተት ቢፈጸም ማስኬዱ ወዲያው ያጋልጠዋል። አንዱ ፍተሻ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። የኤልኤልቪኤም ፈታሾች ለመደመሩ የመረጧቸው ሬጂስተሮች 8፣ 4 እና 20 ናቸው፤ ሦስቱም የተለያዩ፣ አንዱም ከሌላው ጋር ተለዋውጦ ሊደበቅ የማይችል። ሦስቱንም ሬጂስተር 1 አድርጎ የጻፈ ፍተሻ ምንም አልፈተሸም።

ዲስአሴምብለሩ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መቅዳትና በማስክ መምረጥ በሪስክ-ፋይቭ አንድ የስድስት ቢት ኮድ ይጋራሉ፤ የሚለያቸው የማስኳ ቢት ናት። መቅዳት ሁለተኛ ግብአት ስለሌለው ያ ቦታ ዜሮ መሆን አለበት። ይህን የማይመለከት ዲስአሴምብለር የተጠበቀውን የቢት ቅንብር ሁሉ «መቅዳት» ብሎ ያነበዋል። ነገ የሪስክ-ፋይቭን ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴ ያንን ባዶ ቦታ ለአዲስ ትእዛዝ ቢሰጠው፣ አሮጌው መሣሪያ አዲሱን ትእዛዝ በሐሰት ስም ይጠራዋል። በዘፈቀደ ቢቶችን እያመነጩ ሁለት ዲስአሴምብለሮችን ማፋጠጥ ይህን ዓይነት ስህተት በቶሎ ያወጣል፤ በእጅ ከሚጻፍ ፍተሻ ይልቅ በዚህ እተማመናለሁ።

የሪስክ-ፋይቭ ሰነድ ራሱ ወደፊት ረዘም ባሉ ትእዛዞች ሁኔታውን መልሶ በትእዛዙ ውስጥ የማስገባትና ማስክ የመምረጥ ዕድልን ያነሳል። ለኮምፓይለር ሠሪ የሚያጓጓ ነው፤ ያ ሁሉ መቀየሪያ ፍለጋ ይቀራል። በቅርቡ የሚሆን ግን አይመስለኝም። ኮዱ በእጥፍ ያብጣል፤ አሥራ አራቱ ሱዶ ትእዛዞችም ቀድሞውኑ ተጽፈዋል፤ የቁጠባው ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል።

አርም ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። በ2021 ያስተዋወቀው ኤስኤምኢ የማትሪክስ ትእዛዞችን ሲጨምር ፕሮሰሰሩ የሚገባበትና የሚወጣበት የተለየ አሠራር ይዞ መጣ፤ በዚያ አሠራር ውስጥ የቬክተሩ ስፋት ራሱ ሊለወጥ ይችላል። አንድ ትእዛዝ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ አሁን ከትእዛዙ ቢት አይታወቅም፤ ከፊቱ ካለው መቀየሪያም ብቻ አይታወቅም። ኤልኤልቪኤም ይህን መረጃ ከነጠላ ትእዛዞች አውጥቶ በፋንክሽኑ መግለጫ ላይ አድርጎታል፤ የአንዱ አሠራር ፋንክሽን የሌላውን ሲጠራ ኮምፓይለሩ በጥሪው ፊትና ኋላ መግቢያና መውጫውን ይጨምራል፤ በድንበሩ የሚሻገሩትን የቬክተር እሴቶች ምን ያድርጋቸው የሚለውም የጥሪ ስምምነት ጉዳይ ሆኗል።